ያለፈውን የማታወራ ኮች፦ የአዋቂዎች ዋና ትምህርት በአዲስ አበባ

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ ዋና ግን አልችልም ነበር። ይህን ስናገር የአዲስ አበባ ሰው ይስቅብኛል። «ጣና ዳር አድገሽ?» አዎ፣ ጣና ዳር አድጌ! በኛ ጊዜ ሐይቁ ለሴት ልጅ የእሁድ መናፈሻ ነው እንጂ የሚገባበት አልነበረም። የሚዋኙት ወንዶቹ ናቸው፤ እነሱም ከእናቶቻቸው ተደብቀው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ቢልሃርዚያ። እናቴ ጉማሬውንም ትሉንም ለይታ አትፈራም፤ ለሷ ሰው የሚበላው ውሃው ራሱ ነው። «እያሳሳቀ ይወስዳል» ትለን ነበር፤ እኛም ዳር ቆመን ወንዶቹን ስናይ አደግን።

ታዲያ አርባን ካለፍኩ በኋላ ዋና ምን አመጣው? ወገቤ ነው ያመጣው። መድኃኒት ቤት ቆሜ ነው የምውለው። ዲስክ መንሸራተት ጀምሮሻል ተባልኩና ፊዚዮቴራፒስቱ «ሩጫውን ተይው፣ ዋና ጀምሪ» አለኝ። በጣም ቀላል ነገር ያዘዘኝ ይመስል ወረቀቱን አቀብሎኝ ቀጣዩን ሰው ጠራ።

አዲስ አበባ ውስጥ ገንዳ አልጠፋም። የግዮን ሆቴልን ትልቁን ገንዳ የማያውቅ የከተማ ልጅ የለም፤ ሂልተን ደግሞ በላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ መስቀል ቅርጽ የተሠራ፣ ከከርሰ ምድር በሚወጣ ፍል ውሃ የሚሞላ ገንዳ አለው። የጠፋው ለአዋቂ ጀማሪ ትዕግሥት ያለው አስተማሪ ነው። መጀመሪያ የተመዘገብኩበት ቦታ (ስሙ ይቆየን) አሰልጣኙ ጎረምሳ ነበር። ከስድስትና ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር አሰለፈኝ። ጥልቁ ጋ ስንደርስ «ግቢ፣ ትለምጅዋለሽ» አለኝ። በአፍንጫዬ የገባው ውሃ ሁለት ቀን ራሴን ሲወጋኝ ሰነበተ። ብሬን መልሱልኝ ብል «አንዴ የተከፈለ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ አሳዩኝ።

ስለዚች ኮች የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስልኳን ከሰጠችኝ በኋላ «ስለ ራሷ ብቻ እንዳትጠይቂያት» ብላ አስጠነቀቀችኝ። እኔ ደግሞ ባል ፈትታ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ስሟን እንደማልጽፍ ከወዲሁ ልናገር። ስለ ትምህርቷ ልጽፍ እንደሆነ ስነግራት «ስለ ትምህርቱ የፈለግሽውን ጻፊ፣ መጥፎውንም ጻፊ። እኔንና ገንዳውን ግን በስም አታንሺ» አለችኝ። ስም የሌለበት ግምገማ ምን ይረባል የምትሉ ትኖራላችሁ። ማስታወቂያ የላትም፣ ቲክቶክም የላትም፤ ተማሪ የምትቀበለው በሰው በሰው ነው። በዕድሜ ገፍቶ ዋና መማር የሚፈልግ ሰው ግን አስተማሪ ሲመርጥ ምን ማየት እንዳለበት ከሷ ብዙ ይገኛል፤ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ገንዳው 25 ሜትር ነው፤ የሷ አይደለም። ከአንድ የስፖርት ማዕከል የማለዳውን ሰዓት ተከራይታ፣ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት በሁለት ፈረቃ ታስተምራለች። በአንድ ፈረቃ ከስድስት ሰው በላይ አትቀበልም። በኛ ፈረቃ ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ፣ ሁለት የባንክ ሠራተኞች፣ ከአራስ ቤት በቅርቡ የወጣች ልጅ፣ አንድ ሹፌርና እኔ ነን። ኮች በዕድሜ ትበልጠናለች፣ ከጋሼ በስተቀር ማለቴ ነው። መጀመሪያ ቀን ሁላችንም አንቱ ስንላት «አንቱታውን መልበሻ ክፍል ተዉት» አለች። «ውሃ ውስጥ ‹እባክዎ ወደዚህ ይምጡ› ተብሎ እስኪያልቅ ሰው ይሰጥማል።» አንቱታ የተረፈው ለጋሼ ብቻ ነው፤ እሱም በጣም አጥሮ። «ጋሼ፣ ይንፉ!»

መንፋት ነው ዋናው ነገር። የመጀመሪያው ሳምንት ዋና የሚባል የለም። ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆመን፣ ጠርዙን ይዘን፣ ፊታችንን ነክረን አየር ማውጣት ብቻ። «ንፊ። እስኪያልቅ ንፊ። አሁን ውጪ፣ አፍሽን ክፈቺ፤ አየሩ ራሱ ይገባል።» ጀማሪ ሁሉ እስትንፋሱን ቆልፎ ነው ውሃ ውስጥ የሚገባው፤ ከዚያ ብቅ ሲል በአንድ ጊዜ ማውጣትም ማስገባትም ያምረውና ውሃ ይጠጣል። ኮች እንደምትለው መጀመሪያ የሚያስጨንቀን አየር ማለቁ ሳይሆን የተቃጠለው አየር አለመውጣቱ ነው። ልክ ናት። ሰውነት «ተንፍስ!» ብሎ የሚጮኸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀምበት ነው፤ ይህን እኔ ኮሌጅ ተፈትኜበታለሁ። ፊዚዮሎጂ በፈተና ወረቀት ላይና ፊዚዮሎጂ በክሎሪን ውሃ ውስጥ ግን ለየቅል ናቸው። ሦስተኛው ቀን ላይ ያ የሚያንቀው ፍርሃት አፍንጫዬ ላይ አረፋ ሆኖ ሲወጣ ተሰማኝ።

ሌላው ከሷ የወደድኩት ግድግዳ ይዞ ማረፍን እንደ ስንፍና አለመቁጠሯ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ደረጃ ወጥቶ የሚያለከልክ ሰው እዚህ ከፍታ ላይ ሲዋኝ ምን እንደሚሆን አስቡት። የባንኩ ልጅ ጎረምሳ ነው፣ ጂም ይሠራል፤ ግማሽ ገንዳ ሄዶ ሲቆም ያፍር ነበር። «ግድግዳው የተሠራው ለዚህ ነው፤ ያዘው» አለችው። ጂም የሠራበት ደረት ውሃ ውስጥ ሳይጠቅመው መቅረቱን ግን በደንብ አየነው። እኔን ግድ የለም፣ ትንሽ ደስ ብሎኛል።

መንሳፈፍን ያስተማረችኝ ቀን በደንብ መነገር አለበት። በጀርባዬ ተኛሁ። እጇን ከወገቤ ሥር ትዘረጋለች ብዬ ስጠብቅ ሁለት ጣቶቿን ብቻ ከማጅራቴ በላይ፣ ሹሩባዬ ከሚጀምርበት ቦታ ሥር አደረገች። «ጣሪያውን እዪ። ጆሮሽ ውሃ ውስጥ ይግባ፤ ምንም አትሆኚም። ደረትሽን ሙይው።» ደረት አየር ሲይዝ ይነሳል፤ እግር ደግሞ ከባድ ነው፣ ይወርዳል። ሰው እግሬ ሰመጠ ብሎ ደንግጦ ቀና ሲል ጭንቅላቱን ያነሳል፤ ጭንቅላት በተነሳ ቁጥር እግር ይብሳል። የኔም እግር ወረደ፤ አንገቴ ሊነሳ ሲል ሁለቱ ጣቶች ወደ ላይ ሳይሆን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡኝ፤ እግሬ ተመለሰ። ከዚያ «አሁን አንዱን ጣት ላነሳ ነው» አለች። አነሳች። «አሁን ሁለተኛውን ላነሳ ነው።» አነሳች። ሌሎች አሰልጣኞች ሳይናገሩ ይለቁና «አየሽ፣ ብቻሽን ነበርሽ!» ብለው ይስቃሉ። እሷ አንዴም አታልላን አታውቅም። ልለቅ ነው ስትል ትለቃለች፣ ይዣለሁ ስትል ይዛለች። ውሃ የሚፈራ ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ለዚህ ነው ብዬ አስባለሁ፤ የቀረውን እኮ ቪዲዮ አይቶም ይደርስበታል።

እግር መምታትን በተመለከተ ሁላችንም ከጉልበታችን እያጠፍን ብስክሌት ስንነዳ ነበር። «ከታፋሽ። የላላ ጫማ ከእግርሽ ልትጥይ ስትይ እንደምታወዛውዢው» አለችኝ። እስካሁን እግሬ ሲዝል ያንን ነው የማስበው።

አሁን ነፃ ቀዘፋ አንድ ገንዳ ሳላርፍ እሄዳለሁ፤ በጀርባ ደግሞ ከዚያ ይሻለኛል። ወገቤ ድኗል አልልም፤ የሙያዬ ክብር አይፈቅድልኝም። ማታ ማታ የምውጠው ማስታገሻ ግን ቀንሷል፤ ጠዋት ከአልጋ ስነሳም ግድግዳ መያዝ ትቻለሁ።

ወደ ሌላው ነገር ልምጣ። ይህች ሴት ድሮ ተወዳዳሪ ነበረች። አልነገረችንም፤ የምትሠራው ነገር ነው የሚያሳብቅባት። ለምሳሌ ገመዱ። ገንዳው የመዝናኛ ገንዳ ስለሆነ የውድድር ባንዲራ የለውም። እሷ ከኛ ቀድማ ትመጣና ከሁለቱም ጫፍ አምስት አምስት ሜትር በእርምጃ ለክታ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ የታሰረበት ገመድ ከውሃው በላይ ትወጥራለች። ጨርቆቹ ከአሮጌ ጥለት የተቀደዱ ናቸው፤ አረንጓዴውን ፀሐይ መጦት ነጭ ለመሆን ምንም አልቀረውም። በጀርባ የሚዋኝ ሰው ግድግዳው አይታየውም፤ ባንዲራው ከላዩ ሲያልፍ የእጁን ቀዘፋ እየቆጠረ መድረሻውን ያውቃል። በዓለም አቀፍ ውድድርም የሚሰቀለው እዚያው አምስት ሜትር ላይ ነው። የጋሼ ጭንቅላት ሲሚንቶ እንዳይመታ በየማለዳው ይህን ሁሉ የምትደክም ሰው ራሷ በልጅነቷ ስንቴ ተመታ እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ሰዓት አያያዟም ሌላ ነው። ጋሼ አንድ ገንዳ በጨረሱ ቁጥር «ሃምሳ ስምንት ከአርባ!» ትላቸዋለች፣ እስከ ሰከንድ መቶኛው። ጋሼ እንደ ልጅ ደስ ይላቸዋል። ቁጥሩን ግን የትም አትጽፈውም፤ ተናግራ ወዲያው ታጠፋዋለች። ቀኝ ትከሻዋ ከጆሮዋ በላይ በደንብ አይወጣም፤ ስታሳየን በግራ ነው። ሙሉ ገንዳ ስትዋኝ ደግሞ ማናችንም አይተናት አናውቅም።

ከባንክ ሠራተኞቹ አንዱ አላስችል አለውና አንድ ቀን ፌስቡክ ላይ ያገኘውን አሮጌ ፎቶ ይዞ መጣ። ቀለሙ ወደ ቢጫ የሄደ ፎቶ ነው፤ አንዲት ቀጭን ልጅ መነሻው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ጣቶቿ ጠርዙን ይዘው፣ ኮፍያዋ ላይ ነጭ መስመር። «ኮች፣ አንቺ ነሽ አይደል?» እጇን በፎጣ አደረቀች። ስልኩን ተቀብላ በሁለት ጣት አሰፋችው። ፊቷን ታያለች ብለን ስንጠብቅ ወደ ታች ወርዳ እግሯን አየች። «አንዱን እግር ወደ ኋላ አድርጋለች፤ አያችሁ? ለመነሳት እንዲህ ይሻላል። ሁለቱን እኩል ካደረጋችሁ ወደ ፊት ትደፋላችሁ።» ስልኩን መለሰችለት። ልጁ «እንዴ፣ ኮች…» ሲል «መነፅርህ ላልቷል፤ አጥብቀው» አለችውና ፊሽካዋን ነፋች። የዚያን ቀን ትምህርት ከሌላው ቀን አልጠበቀም፣ አልላላምም።

እዚህ አገር የዋና ታሪክ ለባለቤቱ ምን እንዳተረፈለት አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ የኛው ዋናተኛ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ዋኝቶ ከ59 ተወዳዳሪዎች መጨረሻ ሲወጣ «ዓሣ ነባሪው» እያሉ የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ተሳለቀበት፤ እኛም አብረን ሳቅን። ስለ አመራረጡ የተጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነገር ነው፣ መጠየቅም ነበረበት። ስለ ቦርጩ የሳቀው ሕዝብ ግን አብዛኛው ገንዳ ውስጥ ቢጣል ጠርዙ ጋ የማይደርስ ነው። እኔ ራሴ አሁን አንድ ገንዳ ስጨርስ ደረቴ ሊፈነዳ ይደርሳል፤ በዚያ ሰዓት አራት ገንዳ ሙሉ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል። በሩጫ የተሸነፈ ሰው ቢያንስ ከነ አበበ ቢቂላ ዘር ይቆጠራል። ዋናተኛ ቢያሸንፍም የሚያውቀው የለም፤ ሲሸነፍ ግን አገር ያውቀዋል። ኮች ዝም የምትለው በዚህ ይሁን በሌላ አልጠየቅኋትም።

ለምን አልጠየቅሽም ለሚለኝ፣ ማወቅ የሚገባንን ሳንጠይቃት አሳይታናለች። በተመዘገብንበት ቀን ከክፍያው በፊት የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ማረጋገጫዋን ከላስቲክ አውጥታ በየተራ አስነበበችን፣ የታደሰበትን ቀን ጭምር። ልብ በሽታ፣ የሚጥል በሽታ፣ የጆሮ ሕመም ያለበት ሰው እንዳለ አንድ በአንድ ጠየቀች። የደም ግፊት መድኃኒቴን ስም ስነግራት ስትጽፈው ፊደሉን አልሳተችም። ያ የመጀመሪያው ቦታ አሰልጣኝ ግድግዳው ሙሉ ዋንጫ ነበር፤ ስለ ጤናዬ ግን አንድም የጠየቀኝ የለም።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። አንዲት እናት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። ልጅቷ ውሃ ውስጥ ስትገባ ሁላችንም ዝም ብለን አየናት፤ አጥንት ያላት አትመስልም። ኮችም ያየችው ይመስለኛል። እናትየዋ «ለውድድር አዘጋጂልኝ» ስትላት ግን «ውድድር አላስተምርም። ሰው እንዳይሰምጥ ነው የማስተምረው» ብላ ዘጋችው። «ለምን?» ብትላት መልስ የለም። ሌላ አሰልጣኝ ጋ ሂጂ ብሎ መጠቆም እንኳ የለም። እናትየዋ ተቀይማ ሄደች፤ እውነቷን ነው። ያለፈ ታሪክን መደበቅ የራስ ጉዳይ ነው፤ በሱ ምክንያት የሰው ልጅ በር ላይ ሲመለስ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ማብራሪያ፣ አንድ ስልክ ቁጥር አይበዛም ነበር። ይህን ለራሷም ነግሬያታለሁ። ሰማችኝ፤ ገመዷን ጠቅልላ ወጣች። በማግሥቱ ስለ ደረት ቀዘፋ ስናወራ ምንም እንዳልተፈጠረ ነበር የሆነችው። ከአምስት ኮከብ አንዱን የምቀንሰው በዚህ ነው።

የገንዳው ባለቤቶች ጉድለት የሷ ባይሆንም ልታውቁት ይገባል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ማሞቂያውም ይቆማል፤ ሐምሌ ላይ በ12 ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መግባት ቀልድ አይደለም። የሴቶች መልበሻ ውስጥ ካሉት ሻወሮች ሙቅ የሚያወርደው አንዱ ብቻ ስለሆነ ሰልፍ አለ። ሻወሩን ግን እንዳትዘሉት፤ ኮች ሳይታጠብ የመጣ ሰው አታስገባም። ያ ዓይን የሚያቃጥል የገንዳ ሽታ ክሎሪን ሲበዛ የሚመጣ ይመስለናል፤ ዋናው ምክንያቱ ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ነው።

ዋጋው ርካሽ አይደለም፤ በወር የምከፍላት ለልጄ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ከምከፍለው ይበልጣል። ቅድሚያ ነው የሚከፈለው። አርፍዶ የመጣ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላውን ያያል፤ ሚኒስትርም ቢሆን። በሥራ ሰበብ የቀራችሁት ቀን ያው ቀረ ነው። ሴቶች በወር አበባ የቀረንበትን ግን ለምን ቀራችሁ ሳትል በሌላ ቀን ታካክስልናለች፤ ይህን የሚያስብ አሰልጣኝ ሌላ ቦታ አላጋጠመኝም። ረቡዕና ዓርብ ለምንጾም ደግሞ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ቀለል አድርጋ በጀርባ መንሳፈፍ ታደርጋቸዋለች። አራሷ ልጅ ሙስሊም ናት፤ እጅና እግር የሚሸፍን የዋና ልብስ ለብሳ ነው የምትገባው፤ የገንዳው ዘበኛ ሊከለክላት ሲል ኮች «ጨርቁ የዋና ጨርቅ ነው፤ ሌላው አንተን አይመለከትህም» ብላ አስገባቻት። ጥጥ ልብስ ግን ለማንም አይፈቀድም፤ ውሃ ይዞ ወደ ታች ይጎትታል።

ለውድድር ልጅ ማሠልጠን የምትፈልጉ፣ በወር ውስጥ የቢራቢሮ ቀዘፋ ልቻል የምትሉ፣ ስልክ አስቀርፃችሁ ልትለጥፉ የምታስቡ ሌላ ቦታ ሂዱ፤ ስልክ ገንዳው ዳር አይገባም፤ ከዚያ ፎቶ በኋላ የወጣ ሕግ ነው። ውሃ እየፈራችሁ ያደጋችሁ፣ ወይም እንደኔ ሐኪም ያዘዘባችሁ ከሆነ ሰው አፈላልጋችሁ ግቡ። ሹሩባ ያላችሁ ሰፊውን የዋና ኮፍያ ከውጭ ገዝታችሁ ሂዱ፤ እዚያ መግቢያው ላይ የሚሸጡት ጠባብ ነው፤ እኔ ሁለቱን ቀድጃለሁ። ከመግባታችሁ በፊት ፀጉራችሁን በንጹሕ ውሃ አርሱትና ዘይት ቀቡት፤ ክሎሪኑ ብዙም አይገባበትም።